ከአሜሪካ የመጣው ስልክ ለምን ሲም አይቀበልም?

ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ሲከፈት ከልብሱና ከሽቶው መሐል ስልክ አይጠፋም። ልጅ ለእናቱ ይልካል፣ እህት ለወንድሟ፣ አንዳንዱም የጎረቤት አደራ ነው። ስልኩ ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ መስታወቱ ጭረት የለውም፣ ባትሪውም ውሎ ያድራል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሲገባበት ግን ሲሙን እንደማይቀበል የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት ስክሪኑ ላይ ይወጣና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ካሜራው ይሠራል፣ በዋይፋይ ቴሌግራም ይከፈታል፤ በሲሙ መደወል ግን የማይታሰብ ነው። ሞባይል ጥገና ቤት ሲወሰድ ባለሙያው ገና ስክሪኑን አይቶ መልሱን ያውቀዋል፦ «እናት፣ ሎክድ ነው።»

ይህ ብልሽት አይደለም። ስልኩ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው፤ ያዘዘው ግን ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው ሳይሆን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ነው። በዚህ ቁልፍ የተነሳ አሜሪካ ውስጥ ጠበቆች ተሟግተዋል፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች አቤቱታ ፈርመዋል፣ ኮንግረስም ሕግ አውጥቷል። የሙግቱ ሥር ያለው ጥያቄ ደግሞ ከስልክም ያልፋል። ውስጡ ሶፍትዌር ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በእርግጥ የዕቃው ባለቤት ነው?

መቆለፉ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አሐዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ከ310 ጀምሮ ያሉ ጥቂት ቁጥሮች አሏት። ቀጥለው የሚመጡት አሐዞች ኩባንያውን ያመለክታሉ። የተቆለፈ ስልክ ሲም በገባበት ቁጥር እነዚህን አሐዞች ያነብና ከተፈቀደለት ጋር ያመሳክራል። ካልገጠሙ አይሠራም። አንቴናው ጤነኛ ነው፣ የአዲስ አበባን ኔትወርክም ይይዛል፤ የሚከለክለው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው።

ድሮ በነበሩት የኖኪያና የሞቶሮላ ስልኮች ቁልፉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ስለነበር ትክክለኛውን ኮድ ያገኘ ሰው ይከፍታቸው ነበር። አይፎን ላይ ግን ስልኩ ለየትኛው ኩባንያ እንደተቆለፈ የሚወስነው መረጃ ያለው አፕል ሰርቨር ላይ ነው። የሸጠው ኩባንያ ይከፈት ብሎ ለአፕል ካላሳወቀ መርካቶ ያለ ጠጋኝ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ እጁ አጭር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አር-ሲም ወደሚባለው ስስ ቺፕ ይሄዳል። ቺፑ ከሲሙ ጋር ተደርቦ ይገባና ሲሙ የሌላ ኩባንያ እንደሆነ አድርጎ ለስልኩ ያቀርበዋል። ለጊዜው ያገለግላል። አፕል አዲስ ሶፍትዌር ባወጣ ቁጥር ግን ሥራው ሊቆም ስለሚችል ባለስልኩ አፕዴት ማድረግ ይፈራል፤ አፕዴት ሳያደርግ በቆየ ቁጥር ደግሞ የደኅንነት ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ይቀራሉ። በስልኩ የባንክ ሒሳቡን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኩባንያዎቹ ስልክ የሚቆልፉበት ምክንያት ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ቴሌኮሞች ለረጅም ጊዜ ስልክን ከዋጋው በታች እየሸጡ ልዩነቱን ደንበኛው በሚገባው የሁለት ዓመት ውል ከወርሃዊው ክፍያ ይለቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር የተሸጠው በዚህ ስሌት ነው። በ2013 ቲ-ሞባይል ውሉን አስቀረ፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። በውሉ ፋንታ የመጣው ግን የስልኩን ዋጋ በየወሩ መክፈል ሲሆን ይህ ዛሬ እስከ 36 ወር ይዘልቃል። በሁለተኛው ዓመት ስልኩን ለእናቱ የላከ ልጅ ገና ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ ስልኩም እንደተቆለፈ ይሄዳል።

ያበደረ ሰው መያዣ ቢይዝ አይወቀስም። ክርክሩ የሚጀምረው ዕዳ ሳይኖርም ቁልፉ ሲኖር ነው። ለዚህ የመጀመሪያው አይፎን ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰኔ 2007 ገበያ ሲወጣ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ነበር፤ ቅናሽ የሚባል ነገር አልተደረገበትም። ሆኖም ሙሉ ዋጋውን የከፈለም ሰው ከኤቲ ኤንድ ቲ ሌላ ኩባንያ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር።

ያን ቁልፍ ለመፍታት ሁለት ወር አልፈጀም። በዚያው ክረምት ጆርጅ ሆትዝ የሚባል የ17 ዓመት የኒው ጀርሲ ልጅ ስልኩን በጊታር መምቻ ፈልቅቆ ከፈተ፣ ቦርዱ ላይ በየደ፣ ሶፍትዌሩን ለወጠና የቲ-ሞባይል ሲም አስገብቶ ደወለበት። ከከፈታቸው ስልኮች አንዱን ለአንድ ኒሳን መኪናና ለሦስት አዳዲስ አይፎኖች ለወጠው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ ሱቅ ማጉያ መነጽር አድርገው ቦርድ ላይ የሚያቀረቅሩት ወጣቶች የዚህ ልጅ የሙያ ወንድሞች ናቸው። የእጅ ጥበቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ከኋላቸው ያለው ሕግ ነው የሚለየው።

ሕጉም የተጻፈው ስለ ስልክ አልነበረም። የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያዎች በኢንተርኔት መስፋፋት ደንግጠው ባሳደሩት ግፊት እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግን አወጣች። አንቀጽ 1201 በቅጂ መብት የተጠበቀን ሥራ የሚከላከል የቴክኖሎጂ ቁልፍ መስበርን ይከለክላል። የታሰበው ዲቪዲ እየገለበጠ የሚሸጥ ሰው ነበር። ነገር ግን ሶፍትዌርም በቅጂ መብት የተጠበቀ ሥራ ነው፤ ሶፍትዌር ደግሞ ያልገባበት ዕቃ የለም። ብዙ ሳይቆይ አንድ የፕሪንተር አምራች በርካሽ የሚሸጥን ተተኪ ቀለም ለማስቆም፣ አንድ ሌላ ኩባንያ ደግሞ የጋራዥ በር የሚከፍት ሪሞትን ለማስከልከል ይህንኑ ሕግ ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። በ2004 ሁለቱም አልተሳካላቸውም። የስልክ ጉዳይ ግን እንደተንጠለጠለ ቆየ፤ ለትርፍ ብሎ ቁልፍ የሰበረ ሰው በሕጉ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀው ነበር።

ከሕጉ ነፃ የሚሆኑ ነገሮችን በየሦስት ዓመቱ የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው፣ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም፣ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ኃላፊው በ2006 እና በ2010 የራስን ስልክ መክፈት ይቻላል ብለው ነበር። በ2012 ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ከጥር 26 ቀን 2013 በኋላ የተገዛን ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ሕገ ወጥ ሆነ። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ የገዛውን ዕቃ ሌላ ሲም እንዲቀበል ማድረጉ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ሕግ መተላለፍ ሆኖ አደረ።

በዚህ ጊዜ ሲና ካኒፋር የተባለ ወጣት ለዋይት ሐውስ የአቤቱታ መዝገብ ከፈተ። ተማሪ ሳለ ስልክ የሚከፍት አነስተኛ ንግድ ነበረው፤ በዚህ ምክንያት ከሞቶሮላ ጠበቆች የማስፈራሪያ ደብዳቤ ደርሶት ያውቃል። መንግሥት መልስ እንዲሰጥ 100,000 ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ከ114,000 በላይ ሰው ፈረመ። ዋይት ሐውስም በመጋቢት 2013 በሰጠው መልስ ዕዳ የሌለበት ሰው ስልኩን ያለ ወንጀል ሥጋት መክፈት መቻል አለበት በሚለው ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ያለው የኮንግረስ ሒደት ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣው ስልክም ቁም ነገር ነበረው። በየካቲት 2014 የተወካዮች ምክር ቤቱ ረቂቅ ለንግድ በጅምላ የሚከፈቱ ስልኮችን ከፈቃዱ የሚያስወጣ ሐረግ ተጨመረበት። የሸማች መብት ተከራካሪዎች ይህን ሲያዩ ድጋፋቸውን አነሱ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ያገለገለ ስልክ ሰብስቦ፣ አድሶና ከፍቶ ወደ ሌላ አገር የሚልከው ነጋዴ ከተከለከለ ስልኩ ወይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ወይ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ሐረጉ በመጨረሻው ሕግ ውስጥ አልገባም። ፕሬዚዳንት ኦባማ ነሐሴ 1 ቀን 2014 ሕጉን ፈረሙት። ከአሜሪካ ተነሥቶ ዱባይን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚደርሰው ያገለገለ ስልክ በሕጋዊ መንገድ ሊከፈት የቻለው በእንዲህ ያለ የቃላት ትግል ነው።

ሕጉ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። ባለስልኩ ቢከፍት አይከሰስም አለ እንጂ ኩባንያው የመክፈት ግዴታ አለበት አላለም። ያን ክፍተት የሸፈነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ2013 መጨረሻ በፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ግፊት የገቡት የፈቃደኝነት ስምምነት ነው፦ ዕዳው የተከፈለ ስልክ ይከፈታል፣ ለጥያቄውም በሁለት የሥራ ቀን ምላሽ ይሰጣል፣ በቅድመ ክፍያ የተሸጠ ስልክ ደግሞ ከአንድ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይከፈታል። ስምምነቱ ጥሩ ነው፤ ባለስልኩ ራሱ እንዲጠይቅ ማድረጉ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። ስልኩ ባሕር ተሻግሮ፣ የአሜሪካው መስመር ተዘግቶ፣ ባለመስመሩም ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛውሮ ከሆነ ጥያቄውን ማቅረብ ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ስለዚህ ማጣራቱ ስልኩ ከመላኩ በፊት ቢሆን ይመረጣል። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ተብሎ ሲገባ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ፤ ሲሙ ላይ ገደብ እንደሌለ የሚገልጽ ቃል ከተጻፈበት ስልኩ ክፍት ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ላኪው *#06# ደውሎ የሚወጣውን 15 አሐዝ ያለውን አይኤምኢአይ ቁጥር ይዞ፣ መስመሩ ገና ሳይዘጋ፣ ለኩባንያው ማመልከት አለበት። አንድ ሌላ ነገርም አይረሳ፤ «ፋይንድ ማይ» የሚባለው አገልግሎት ጠፍቶ የላኪው አፕል አካውንት ከስልኩ መውጣት አለበት። ይህ ከተረሳ ደግሞ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ ጠጋኞች «አይክላውድ ተቆልፏል» የሚሉት እሱን ነው። ደግነቱ ላኪው ባለበት አገር ሆኖ በኢንተርኔት አካውንቱ ገብቶ ስልኩን ከዝርዝሩ ሊያወጣው ይችላል።

ይህ ሁለተኛው ቁልፍ ነገሩን ያከብደዋል፤ ሁሉም ቁልፍ በደል እንዳልሆነ የሚያሳየውም እሱ ነው። አፕል አክቲቬሽን ሎክ ብሎ የሰየመውን ይህን ቁልፍ በመስከረም 2013 ከጀመረ በኋላ በነበሩት 12 ወራት የአይፎን ስርቆት በሳን ፍራንሲስኮ በ40 ከመቶ፣ በኒው ዮርክ በ25 ከመቶ ቀንሷል። ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው አዛለች። ስልኩን በመንገድ ላይ የተነጠቀ ሰው ሌባው አስነሥቶ ሊሸጠው እንደማይችል ማወቁ እፎይታ ነው። ልዩነቱ ቁልፉን የያዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አክቲቬሽን ሎክ የሚከፈተው በባለቤቱ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ የኔትወርኩ ቁልፍ ግን ባለቤቱ ዕዳውን ጨርሶም ቢሆን ኩባንያውን እንዲለምን ያደርገዋል።

ሌሎች አገሮች ከዚህ የተሻለ አጭር መንገድ አግኝተዋል። የካናዳ ቴሌኮሞች ስልክ ለመክፈት 50 ዶላር ገደማ ያስከፍሉ ነበር፤ በ2016 ብቻ በዚህ 37.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሰብስበዋል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲሸጥ፣ የቆየውም በነፃ እንዲከፈት አዘዘ። ብሪታንያም ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ከለከለች። በሁለቱም አገሮች ስልክ በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ አልቀረም፤ ያልከፈለን ሰው በውሉ መጠየቅ ይቻላልና። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 ስልክ ሁሉ በ60 ቀን ውስጥ ይከፈት የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ኩባንያዎቹ ማጭበርበርን እያነሱ ተቃውመዋል።

የሶፍትዌር ቁልፍ ከኔትወርክም አልፎ ወደ መለዋወጫ ገብቷል። አዳዲስ አይፎኖች ላይ ስክሪኑም ባትሪውም ከዋናው ቦርድ ጋር በመለያ ቁጥር ተጣምሯል። ጠጋኙ ከሌላ እውነተኛ አይፎን ላይ የተፈታ ስክሪን ቢገጥምም ስልኩ ለዓመታት ዕቃውን አላውቀውም ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፤ አይፎን 13 እንደወጣ ደግሞ የተቀየረ ስክሪን ፌስ አይዲን ያጠፋ ነበር፤ አፕል ይህን ያነሣው ቅሬታ ከበዛበት በኋላ ነው። ኩባንያው በ2022 ደንበኛ ራሱ እንዲጠግን ፈቅጃለሁ ሲል በኪራይ የላከው መሣሪያ ሁለት ሣጥን ሙሉ ሆኖ 36 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። የሚቀየረው አንዲት ባትሪ ነው! የኦሪገን ግዛት በመጋቢት 2024 ባወጣችው ሕግ መለዋወጫን በሶፍትዌር እያጣመሩ ጥገናን ማገድን ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2027 ጀምሮ የስልክ ባትሪ ባለቤቱ በቀላሉ አውጥቶ የሚቀይረው እንዲሆን ደንግጓል። ትራክተር ያላቸው ገበሬዎችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የትራክተር አምራቹን ጆን ዲርን የከሰሰው የጥገናውን ሶፍትዌር ለራሱ ወኪሎች ብቻ ይዟል ብሎ ነው።

እነዚህ ሕጎች የተጻፉት በኦሪገንና በብራስልስ ላሉ ሰዎች ነው። ጥቅማቸው ግን ባትሪ አስቀይሮ ስልኩን ሌላ ሦስት ዓመት ለሚይዝ የደሴ ወይም የጎንደር ነዋሪ ይበልጣል። በሀብታም አገር የተበላሸ ስልክ በአዲስ ይተካል፤ እዚህ ያው ስልክ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ ዘመድ እየተላለፈ ይጠገናል። ጠጋኙን የሚያሰናክል ሶፍትዌር ይህን ሁሉ የዕቃውን ዕድሜ ይቆርጠዋል።

ኢትዮጵያ ራሷም ስልክን መቆለፍን ቀምሳዋለች። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ስልኮችን በአይኤምኢአይ ቁጥራቸው መመዝገብ ሲጀምር፣ ዓላማው የስርቆትንና ቀረጥ ያልተከፈለበትን ስልክ ከኔትወርክ ማስወጣት ነበር። ከውጭ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው ካላስመዘገበ ኔትወርክ አያገኝም ነበር። ለቤተሰብ ስልክ የሚያመጣው የውጭ አገር ነዋሪ ብዙ ተቸግሯል፤ አሠራሩም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

በኩባንያ የተቆለፈ ስልክ ግን ለአገር ውስጥ ገበያ እንግዳ ነው። አንድ ቴሌኮም ብቻ በነበረበት ዘመን ስልክን ለኩባንያ መቆለፍ ትርጉም አልነበረውም፤ እዚሁ የሚገጣጠሙት የቴክኖ ስልኮችም ሁለት ሲም ይዘው ክፍት ሆነው ነው የሚሸጡት። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ደንበኛን መያዝ የሚፈልጉ ሁለት ኩባንያዎች አሉ። ስልክ በቀን እየከፈሉ መውሰድም ጎረቤት አገር ደርሷል። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በጀመረው አሠራር ደንበኛው መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ ክፍያውን ካቋረጠ ስልኩ ከሩቅ ይቆለፋል። እጅ በእጅ ከፍሎ ስማርት ስልክ መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ቢስፋፋ መልካም ነው።

የሚያስፈልገው ደንቡ ቀድሞ መጻፉ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አሜሪካ 16 ዓመት ፈጅታ፣ ያውም ግማሹን ብቻ የመለሰችውን ጥያቄ በአንድ መመሪያ ሊመልሰው ይችላል፦ በእጅ ተከፍሎ የተሸጠ ስልክ አይቆለፍ፤ በዱቤ የተሸጠ ስልክ መቆለፉ በሽያጩ ጊዜ በአማርኛና በደንበኛው ቋንቋ ይነገር፤ የመጨረሻው ክፍያ በገባበት ቀን ደግሞ ማንም ሳይጠየቅና ሳንቲም ሳይከፈል በራሱ ይከፈት፤ የተቆለፈም ስልክ ቢሆን ለአምቡላንስና ለፖሊስ መደወልን አይከልክል።